ስም ያልተጠራበት የጸሎት ርዕስ

እኔ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መቀስ ከያዝኩ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። የደንበኛዬን የወገብ ልክ ለገዛ ባሏ እንኳ አልናገርም። ማን እንደወፈረች፣ ማን እንደከሳች፣ የማን ቀሚስ ከሆዱ ላይ ሰፋ ይደረግ እንደተባለ ከእናቷ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰው ሊያወጣጣኝ ሲሞክር፣ «ሜትሬን ጠይቁት» ብዬ እስቃለሁ። በዚህ በኩል ማንም አያማኝም። ያጠፋሁት በሜትር በማይለካው ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

እኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። ተምረሽ ስትጠመቂ፣ በእምነት ካንቺ ትንሽ ቀደም ያለች እህት ትመደብልሻለች፤ የጸሎት ጓደኛ ትባላለች። በሳምንት ጥቂት ቀን አብራችሁ ትጸልያላችሁ፣ ስትደክሚ ትጠይቅሻለች፣ ስታጠፊ ትነግርሻለች። አንዳንዱ ጥንድ ወር ሳይሞላው ይሰለቻቻል። ለእኔ የደረሰችኝ ከሱቄ ሁለት መንገድ ዘልቆ ባለ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር የሁሩታ ከተማ ልጅ ነበረች። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናቱን ታስተምራለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን ተንበረከክን።

ሰዓታችን የምሳ ሰዓት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች። የአዳማ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ምሕረት የላትም፤ የተማሪዎቿን ደብተር ግንባሯ ላይ ጥላ አድርጋ ትገባለች። እኔ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ክርናችንን አስደግፈን እንንበረከካለን። ስትጸልይ እጇን ጀርባዬ ላይ ታደርጋለች፤ ጠመኔ የማይለየው እጅ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ጀርባዬን ያይና፣ «ዛሬ ተጸልዮልሻል» ይለኛል።

በአማርኛ ትጀምርና ልቧ ሲከፈት ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች። «ያ ጎፍታ» ስትል፣ ጌታ ሆይ ማለቷ ነው፣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ከሰላምታና ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ቢሆንም ለሁሉም አሜን እላለሁ። «ያልገባሽን ሁሉ አሜን እያልሽ አንድ ቀን ቤትሽን ታስረክቢያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች።

እኔ ከማመኔ በፊት ጠበኛ ነበርኩ። ካመንኩ በኋላም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምታምን ጠበኛ ሆንኩ። አንዴ አንዲት ደንበኛ እጅጌው አጠረ ብላ ሰው ፊት አዋረደችኝ፤ ጨርቁን አሳንሳ ያመጣችው ራሷ ናት። ስትመለስ የምላትን አዘጋጅቼ ለጓደኛዬ አሰማኋት። እውነትም ጥሩ ስድብ ነበር፤ ዛሬ ባስታውሰው በወደድኩ። ጥሞና ሰጥታ አዳመጠችኝና፣ «ስድቡን አትጣዪው። ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጸልዪላት፣ ከዚያ ትሰድቢያታለሽ» አለችኝ። ሰባት ቀን እየተነጫነጭኩ ጸለይኩላት። ሴትዮዋ በስምንተኛው ቀን ስትመጣ ስድቡ ከነአካቴው ጠፋብኝ፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ሌላ ጨርቅ ቀጥዬ አስረዝሜ ሰጠኋት። ዛሬም ደንበኛዬ ናት። ጠላትህን ውደድ የሚለውን ስብከት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን በዚያች ሳምንት ነው።

ከዚያ እናቷ እዚያው ሁሩታ ከተማ ሞቱባት። አብሬያት ሄጄ ቀበርን። ከለቅሶው ስትመለስ እንደ ወትሮው በስድስት ተኩል መጣች፣ ተንበረከከች፣ እጇን ግን ጀርባዬ ላይ አላደረገችም። እኔ ብቻዬን ጸለይኩ፤ እሷ አሜን እንኳ አላለችም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን መንበርከኩን ትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ እየጸለይኩ አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምናገረው ከጣሪያው አያልፍም። የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እሁድ ልጆቹ መሃል ስቆም ብቻ ትንሽ ይሞቀኛል። አንቺ ምንም አትበዪኝ። ጥቅስም አትጥቀሺልኝ። ዝም ብለሽ አብረሽኝ ቁጭ በይ።»

እሺ አልኳት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት። ግን እኔና ዝምታ አንተዋወቅም። ጥቂት ቀን አብሬያት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። የከበደኝን ነገር ሁሉ የምነግራት ለእሷ ነበር። የእሷን ጉዳይ ለማን ልንገረው? ከዚያ ረቡዕ መጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ኅብረት አለን፣ በየተራ በየቤቱ። መሪያችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የሰው ችግር የራሳቸው ችግር የሆነባቸው ደግ ሴት። ከመጸለያችን በፊት፣ «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ይላሉ፣ እያንዳንዷ በተራዋ ያላትን ታወጣለች። የአንዷ ልጅ ፈተና አለበት፣ አንዷን አከራይዋ ውጪ ብሏታል፣ የአንዷ እግር አብጧል። ጉዳዩ የሌላ ሰው ከሆነ ስም አይጠራም፤ «አንዲት እህት» ይባላል። ስም ካልተጠራ ሐሜት አይደለም ብለን እናምን ነበር። አሁንም የሚያምኑ አሉ።

ተራዬ ሲደርስ፣ «ስም አልጠራም» አልኩ። «አንዲት እህት አለች። ሕፃናትን ታስተምራለች። በቅርቡ ሐዘን ደርሶባታል። እምነቷ እየደከመ ነው፤ መጸለይ አቅቷታል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ደስ እንዳለኝ እዚህ ካልተናዘዝኩ የት እናዘዛለሁ። ሁሉም እያዩኝ ነበር፤ ከባድ ሸክም የተሸከመች መንፈሳዊ ሴት መሰልኳቸው፣ ለራሴም መሰልኩ። እኛ ዘንድ ሕፃናት የምታስተምር፣ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ስንት ናት? አንድ። ለቅሶዋን የደረሱት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። በእንባ ጸለይንላት። በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ መሪያችንና ሁለት ሽማግሌዎች ብርቱካን ይዘው ቤቷ ሄዱ። ክፉ አልተናገሯትም። «ልብሽ እስኪጠገን ትንሽ እናሳርፍሽ፤ ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዛቸው» አሏት። በፍቅር ነው ያሏት።

ሰኞ በስድስት ተኩል መጣች። ደብተር አልያዘችም። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ነገርሻቸው» አለችኝ።

«ስም አልጠራሁም» አልኳት።

በዚያች መልስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ደግሞ በእሷ ብቻ አላበቃሁም፤ ላንቺ ብዬ ነው፣ ሸክም ሆኖብኝ ነው፣ ጸሎት ያስፈልግሽ ነበር እያልኩ ቀጠልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ ጸልዪልኝ አላልኩሽም» አለች። «ቁጭ በይ ነው ያልኩሽ። እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ የቀሩኝ።»

ዞራ ሄደች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ብትጮህብኝ እኔም ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

ወዲያው ተጸጸትኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የሆነው ግን መናደዴ ነው። ኩራት ነው አልኩ፤ ሰው ሲያዝንላት የማትወድ፣ ሁልጊዜ መካሪ መሆን የለመደች። ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኩት፤ አብሮኝ ስላልተናደደ ይበልጥ በገንኩ። ይባስ ብዬ፣ በሦስተኛው ረቡዕ ልቧ ስለ ጠነከረባት «አንዲት እህት» ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ኅብረት ሄድኩ።

ሳልናገረው የቀረሁት ከእኔ በፊት ለተቀመጠችው ወጣት እናት ተራው ቀድሞ ስለደረሳት ነው። «ስም አልጠራም» አለች። «አንዲት እህት አለች፤ በሥራዋ ጎበዝ፣ እጇ የተባረከ። ግን አፏን መጠበቅ አቅቷታል። ጌታ ከንፈሯን እንዲጠብቅላት እንጸልይ።» እኔ ከሁሉም ቀድሜ፣ ድምፄን ከሁሉም ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። እንዲያውም፣ «እንዲህ ዓይነቷን ጌታ ይገሥጻት» ብዬ ጨመርኩበት። ጸሎቱ ተጀምሮ መሃል ላይ ስንደርስ ነው «እጇ የተባረከ» የተባለችው ማን እንደሆነች የገባኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም ጨፍነዋል፤ እኔን ላለማየት አጥብቀው ነው የጨፈኑት። ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ነደድኩ። ጓደኛዬም ያን ቅዳሜ ብርቱካኑን እየተቀበለች እንዲህ ነድዳ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ምክንያት አልጨመርኩበትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ግን በስድስት ተኩል አትጠብቂኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ለመሪያችንም ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። እርሳቸውም ደነገጡ፤ ቤቷ ተመልሰው ሄደው ወደ ልጆቹ እንድትመለስ ለመኗት። አመስግና ሸኘቻቸው። ክረምቱ ሲገባ ዝውውር አግኝታ ታላቅ እህቷ ወዳለችበት፣ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ወደ ባቱ ከተማ ሄደች። የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ሦስት ዓመት ሳንገናኝ አለፈ። ስድስት ተኩል ሲሆን በሩን ገርበብ ማድረጉን አልተውኩም፤ መንበርከኩንም አልተውኩም። ንፋሱ በሩን ሲገፋው ግን ቀና እላለሁ። አዳማ ደግሞ ንፋስ የማይገፋው በር የለም፤ በአንድ ጸሎት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ቀና ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጥቅስ በስልክ እልክላት ነበር፤ «አሜን» ብላ ትመልሳለች፣ ሌላ ቃል የለም። በኋላ ጥቅስ አትጥቀሺልኝ እንዳለችኝ አስታወስኩና ተውኩት። እሁድ ጠዋት ከእኛ ፕሮግራም በፊት የኦሮምኛው አምልኮ አለ። ማልጄ እየሄድኩ ከኋላ መቀመጥ ጀመርኩ። የሚሰበከው ብዙው አይገባኝም፤ የምሄደው «ያ ጎፍታ» ሲባል ለመስማት ነው። ሰዎቹ ኦሮምኛ የምችል መስሏቸው አንዳንዴ ያዋሩኛል፤ ፈገግ ብዬ አሜን እላቸዋለሁ። ቤቴን እስካሁን አላስረከብኩም።

ሱቄ ውስጥ ከበሩ ኋላ አንድ የእሷ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ለልጆቹ የዓመት መዝጊያ ፕሮግራም እንድትለብሰው ያሰፋችው ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት። አልቆ ነበር፤ መጥታ ሳትወስደው ቀረች። ስንቷ አይታ ሽጪልኝ ብላኛለች። ፌስታል አልብሼ፣ በየበዓሉ አቧራውን እያራገፍኩ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ቀሚሱን ይዤ መነኻሪያ ሄድኩ። እንደምመጣ አልነገርኳትም፤ አትምጪ ብትለኝ ምን ይውጠኛል። ከአዳማ እስከ ሞጆ የምላትን አዘጋጀሁ። የቆቃ ግድብ ውሃ በመስኮቱ ሲታየኝ ንግግሩን አሳመርኩት፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት ጋ ስንደርስ አንድ ጥቅስ ጨመርኩበት። መቂን ስናልፍ ሁሉንም ሰረዝኩት። ባቱ በጋሪ እየጠየቅኩ ቤቷ ስደርስ በባዶ አፍ ነበርኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። አየችኝ፣ ፌስታሉን አየችው።

«ኮቱ፣ ነይ ግቢ» አለች።

ቀሚሱን ለካችው። ወገቡ ሰፋባት፣ ትከሻው ወረደባት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው በስንት ጣት እንደከሳ በዓይኔ አውቃለሁ። ምን ሆነሽ ነው? ታመሽ ነበር? ልጆች ታስተምሪያለሽ? ትጸልያለሽ አሁን? ጥያቄው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። ቦርሳዬን ከፍቼ ስፒሎቼን አወጣሁና እንደ ሁልጊዜዬ ከንፈሮቼ መሃል ያዝኳቸው። ስፒል በአፏ የያዘች ሴት አትናገርም፤ በሥራዬ እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። ጎንና ጎኑን ሰበሰብኩ፣ ምልክት አደረግኩ፣ ስታወልቀው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስፌቱን ፈታሁ፤ የስፌት መኪና ስላልነበረ በእጄ መስፋት ጀመርኩ።

እሷ አጠገቤ ተቀመጠች። ከግቢው ውጪ የጋሪ ፈረሶች ያልፋሉ፣ ከሐይቁ በኩል ትንሽ ነፋስ አለ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ታያለች። አንድ ጎን ጨረስኩ። ስፒሎቹ ከአፌ አልቀው መርፌ መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ተሰክተዋል፤ ያም ሆኖ አልተናገርኩም። ሰዓት አላየሁም፤ ፀሐይዋ ግን አናታችን ላይ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት የለመነችኝን ነገር ያን ቀን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁት።

ሁለተኛውን ጎን ስጀምር ተናገረች። አንድ ነገር ነገረችኝ። ረጅም አልነበረም። ከእናቷ ሞት በኋላ ስለነበረው፣ አሁን ስላለችበትም ነው። መርፌዬን አቁሜ ሰማኋት። ስትጨርስ አሜን እንኳ አላልኩም። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና መስፋቴን ቀጠልኩ። እሷ ተነስታ አሳ ልትጠብስ ገባች።

ልትሸኘኝ መነኻሪያ ድረስ መጣች። ሚኒባሱ ሊሄድ ሲል እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ከዚያ አነሳችው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቆቃ ስደርስ የነገረችኝ ነገር ከአፌ ሊያመልጥ ደረሰ፤ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት፣ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ቢሉኝ፣ «ደህና ነኝ፣ አቧራ ነው» አልኳቸው። ሆድ ይፍጀው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እንደ ድሮው ዞር አድርጎ ጀርባዬን አየው። ቅዳሜ ነው፣ ጠመኔ የለም።

«ምን አለችሽ?» አለኝ።

«አሳ አበላችኝ» አልኩት።

አዳማ አልተመለሰችም። የምትመለስም አይመስለኝም፤ ኑሮዋ እዚያ ሆኗል። ተመልሰን የጸሎት ጓደኛሞችም አልሆንንም፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችውም። ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ በስልክ አስፈቀድኳት። «ጻፊው። ሌላም ሰው ይማርበት። በረንዳው ላይ ያልኩሽን ግን ተይው» አለች። ተውኩት። ዓመት ሊሆነው ነው፤ ባለቤቴም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም።

ባለፈው ረቡዕ መሪያችን ርዕስ እየሰበሰቡ እኔ ጋ ደረሱ።

«አንቺስ? ዛሬም ርዕስ የለሽም?» አሉኝ።

«አለኝ» አልኳቸው። «ለጌታ ነግሬዋለሁ።»

ትንሽ አዩኝና ወደምትቀጥለው አለፉ። ተንበረከክን። እያንዳንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጸልይ እኔ ወንበሩን ይዤ ዝም አልኩ። ጀርባዬ ላይ የማንም እጅ አልነበረም። ናፍቃኛለች። ይህችን መናገር አልከለከለችኝም።